ያላረባነውን መብላት

ሥጋ የሚበላ ሰው የዱር እንስሳ አድኖ የበላን ሰው በምን አንደበት ይነቅፋል? ጥያቄው ለረጅም ጊዜ ሲከነክነኝ ቢቆይም ጽሑፍ እንዳደርገው የገፋፋኝ ሐዋሳ ካሉት ሥጋ ቤቶች በአንዱ የሰማሁት ጨዋታ ነው። ከጎናችን የተቀመጡ ሰዎች ጥሬ ሥጋ በአዋዜ እየበሉ፣ ድኩላ ገድለው ሥጋውን ሲካፈሉ ስለተያዙ ወጣቶች ያወሩ ነበር። አንዱ «አረመኔዎች ናቸው» አለ፤ ሌላው ራሱን እየነቀነቀ አረጋገጠለትና ከሻኛው አንድ ጉርሻ ቆረጠ። ቁጣቸው የውሸት አልነበረም። እኔም በፍርዱ ከእነርሱ ጋር እስማማለሁ፤ ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው፣ መከልከሉም ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ያልተዋጠልኝ ምክንያታቸው ነው። ድኩላ መግደል አረመኔነት ከሆነ ጠረጴዛችን ላይ የቀረበው በሬ ምን ሊባል ነው?

ጭካኔን መለኪያ ካደረግን ክርክሩ የሚረታው አዳኙን ሳይሆን እኛን ነው። በበዓል ሰሞን ወደ ሐዋሳ የሚገቡትን በጎች ያየ ሰው ይህንን አይክድም፤ እግራቸው ታስሮ በጭነት መኪና ላይ ተደራርበው፣ ውኃ ሳይቀምሱ፣ በፀሐይ እየተንገላቱ ይመጣሉ። ዶሮዎች ደግሞ በእግራቸው ተጠፍረው፣ ጭንቅላታቸው ቁልቁል ተንጠልጥሎ ገበያውን ሲዞሩ ይውላሉ፤ ገዢውም እንደ ዕቃ ጨብጦ ያመዛዝናቸዋል። ድኩላው ግን የመጨረሻዋ ቅጽበት እስክትደርስ ድረስ በገዛ ጫካው፣ የወደደውን ቅጠል እየቀጠፈ፣ ማንም ሳያስረው ኖሯል። በግና ድኩላ ከመሆን ምረጥ ብባል ብዙ አላስብም።

ይህን ስል ግን አደንን ንጹሕ አሟሟት አድርጌ መሳሌ አይደለም። የእናቴ ታላቅ ወንድም አርሲ ውስጥ በሙኔሳ ደን ዳርቻ የኖሩ አርሶ አደር ናቸው፤ በጉብዝናቸው ዘመን ያድኑ እንደነበር ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፣ እርሳቸውም አይደብቁትም። ሐዋሳ ለሕክምና ሲመጡ እኛ ቤት ስለሚያርፉ ማታ ማታ አጫውታቸዋለሁ። አንድ ጊዜ «ጋሼ፣ እንስሳው ወዲያው ነው የሚሞተው?» ብዬ ብጠይቃቸው «ልጄ፣ ጥይት እንደ ቢላዋ አይታዘዝም» አሉኝ። ሆዱን ተመትቶ ያመለጠ ድኩላ ደሙን እያንጠባጠበ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል፤ አዳኙ ደሙን እየተከተለ ሲፈልገው ይመሻል፤ በማግሥቱ የሚገኘው የጅብ ትራፊ ነው። ወጥመድ ደግሞ ከዚህም የከፋ ነው፤ ገመዱ ወይም ሽቦው አንገት ይሁን እግር፣ አዋቂ ይሁን ግልገል አይለይም፤ አጥማጁ እስኪመለስ ድረስ የተያዘው እንስሳ ሌሊቱን ሙሉ ሲታገል ያድራል።

አጎቴ እንደሚሉት የአደን ከባዱ ክፍል መተኮሱ ሳይሆን ከተኩሱ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። በእኛ ልማድ ሥጋው የሚበላው እንስሳው ነፍሱ ሳትወጣ በስመ አብ ተብሎ ሲባረክ ነው፤ ሞቶ የተገኘ ጥንብ ነው። ስለዚህ ተኳሹ ጥይቱን እንደለቀቀ ቢላዋውን መዝዞ በእሾህና በገደል መሮጥ አለበት። አብረዋቸው ያድኑ የነበሩት ጎረቤታቸው ደግሞ ሙስሊም ናቸው፤ አንዱ የባረከውን ሌላው አይበላም። በመሆኑም ሥጋው በየትኛው ቤት እንደሚበስል የሚወሰነው ማን ተኮሰ በሚለው ሳይሆን ማን ቀድሞ ደረሰ በሚለው ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች ይህንን እስከ ዛሬ እየተሳሳቁ ያወሩታል፤ ጎረቤትየው እግረ ፈጣን ስለነበሩ ለአጎቴ ከሥጋው ይልቅ ሩጫው እንደደረሳቸው ነው የሚናገሩት።

ከሣቁ በስተጀርባ ግን ቁም ነገር አለ። ሁለቱም ሃይማኖቶች አደንን አልከለከሉም። ኦሪት ዘዳግም ከሚበሉት እንስሳት መካከል ዋላንና ሚዳቋን ይቆጥራል፤ ቁርኣንም አደንን ፈቅዶ፣ ለሐጅ ኢሕራም ያሰረ ሰው የየብስ አውሬ እንዳያድን ይከለክላል። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 17 ደግሞ የሚበላ አውሬ ወይም ወፍ ያደነ ሰው ደሙን አፍስሶ በአፈር እንዲሸፍነው ያዛል። በረት ውስጥ ያደገውን በግ በተመለከተ አፈር አልብሱት የሚል ትእዛዝ በዚያ ቦታ አላገኘሁም። ለአደን ብቻ ለምን እንዲህ ተባለ ብዬ ሳስብ የሚመጣልኝ መልስ አንድ ነው፤ አዳኙ የወሰደው ሕይወት የራሱ ንብረት እንዳልነበረ እንዲያውቅ ነው። ይህ የእኔ ንባብ ነው፤ ሊቃውንቱ ሌላ ይሉ ይሆናል።

የአገራችን የአደን ባህል ግን ከዚህ መንፈስ ርቆ ኖሯል። አባቶቻችን በፉከራና በቀረርቶ ያወደሱት ለምግብ የሚያድነውን ሰው አልነበረም። የሚወደሰው ዝሆን፣ አንበሳ ወይም ጎሽ የጣለ ነበር፤ ግዳይ የጣለ ሰው ጠጉሩን ቅቤ ይቀባል፣ በጆሮው ሎቲ ያንጠለጥላል፣ በሠርግና በድግስ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። የገደለውን ይበላው እንደሆነ የሚጠይቀው የለም፤ አንበሳ ማን ይበላል? በአንጻሩ የዱር እንስሳ ሥጋ በልተው የኖሩትን ማኅበረሰቦች ስናይ ታሪኩ ሌላ ነው። በጣና ሐይቅ ዳር ጉማሬ እያደኑ ይኖሩ የነበሩት ወይጦዎች፣ በከፋ ጫካ የሚያድኑት ማንጆዎች፣ በኦሮሞ ማኅበረሰብ ዘንድ በአዳኝነት የሚታወቁት ዋታዎች በየአካባቢያቸው ተንቀው፣ አብሯቸው የሚበላና የሚጋባ ሰው ጠፍቶ ኖረዋል፤ ለንቀቱ ከሚሰጡት ምክንያቶች ዋነኛው ርኩስ ሥጋ ይበላሉ የሚል ነው። ለዝና የገደለ ተሞገሰ፣ ለሆዱ የገደለ ተናቀ። ለእኔ ይህ ሚዛን ተገልብጦ የተሰቀለ ነው፤ ረኃብን ለማስታገስ የጠፋ ሕይወት ለሎቲ ከጠፋው ይልቅ ምክንያት አለው።

በአጎቴ ቤት ግድግዳ ላይ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በ60 አንበሶችና በ60 ነብሮች መካከል ቆመው የሚታዩበት ሥዕል አለ። በአንድ ወቅት ምንሽራቸው የሚሰቀለው ከዚያው ሥዕል አጠገብ ነበር። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደኖሩ ስጠይቃቸው አጎቴ ጥያቄው ራሱ አልገባቸውም።

የተገለበጠው ሚዛን ዛሬም በሌላ መልክ አለ። ሙኔሳ የደጋ አጋዘን ከሚገኝባቸው ጥቂት ቦታዎች አንዱ ነው። ይህ እንስሳ ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ባሉት የኢትዮጵያ ተራሮች ካልሆነ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ ለሳይንሱ ዓለም የተዋወቀውም እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። ከውጭ የሚመጡ አዳኞች አንድ የሸመገለ ወንድ አጋዘን ገድለው ቀንዱን ለመውሰድ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ዶላር ለመንግሥት ይከፍላሉ፤ ባለሙያ አጃቢም ይመደብላቸዋል። ከደኑ ዳር ያለ ገበሬ ግን ልጆቹን ሊያበላ ድኩላ ቢጥል እስር ይጠብቀዋል። ይህንን የሰማ ሁሉ ይቆጣል፤ እኔም ስሰማው ተቆጥቼ ነበር፤ ነገሩ ሲመረመር ግን እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። ለቀንድ የሚገደለው ቁጥሩ አስቀድሞ የተወሰነ፣ ዘሩን የተካ ያረጀ ወንድ ነው፤ ገንዘቡ በአግባቡ ለአካባቢው ሰው ከደረሰ ደኑ ከሚታረስ ይልቅ ቆሞ እንዲቆይ ምክንያት ይሆናል። ለሥጋ የሚያድን ሰው ደግሞ በጨለማ፣ ያገኘውን ነው የሚመታው፤ እርጉዟንም፣ የምታጠባውንም። ቀንድ ሰቅሎ መፎከር አሁንም ደስ አይለኝም። ግን ደስ የማይለኝ ነገር ሁሉ ጎጂ ነው ማለት አልችልም፤ የማዝንለት ሁሉም ጎጂ አይደለም ማለት አልችልም። «በአግባቡ ከደረሰ» የምትለዋ ሐረግ ግን ብዙ ነገር ተሸክማለች፤ ገንዘቡ ካልደረሰው ገበሬው አጋዘኑን የሚጠብቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ገበሬው ከአውሬ ጋር ያለው ሒሳብም ለከተማ ሰው አይታይም። በቆሎው እሸት ሲይዝ ከርከሮ ሌሊት ገብቶ ማሳውን ያርሰዋል፤ ጃርት ድንቹን ይምሳል፤ ቀን ደግሞ ጦጣና ዝንጀሮ ይረከባሉ። ልጆች ከትምህርት ቤት ቀርተው ማማ ላይ ሲጮኹ ይውላሉ። የከርከሮ መንጋ ሲበዛ መንደሩ ጦርና ውሻ ይዞ ይወጣና ያገኘውን ይገድላል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ስለማይበላው ሬሳው እዚያው ይቀራል፤ ጅብ ያነሣዋል። ስለዚህ አደን ማንም ላይ ጣት ሳይቀሰርበት የሚያልፈው ሥጋው ሲጣል ነው ማለት ነው። ይህ ለእኔ እንግዳ ነገር ነው፤ ግን ገበሬውን አልወቅስም፤ እነዚያን አውሬዎች ሳይወድ በገዛ እህሉ ያሳደጋቸው እርሱ ነው።

ለእኔ የነገሩ ሁሉ ማጠንጠኛ ያለው እዚህ፣ ማሳደግ የሚለው ላይ ነው። በግ አርቢ መንጋውን ያውቃል። እርጉዝ በግ አያርድም፤ የመጨረሻዋን እናት በግ አይሸጥም፤ ሣር ሲጠፋ ይጨነቃል፣ ስትወልድ አብሯት ያድራል። ማንም ሕግ ሳያወጣለት ልኩን የሚጠብቀው ያጠፋው እንደሆነ የሚጎድለው ከራሱ ቤት ስለሆነ ነው። የዱር እንስሳ ግን ሲጎድል «የእኔ ጎደለ» የሚል ሰው የለውም። አዳኙ ሳያረባ ይበላል፤ የወሰደው ከየትኛው መንጋ፣ ከስንት መካከል እንደሆነ አያውቅም። አጎቴን ስለዚህ ስጠይቃቸው የመለሱልኝ «እኔ ባልገድለው ሌላው ይገድለዋል» ብለው ነው። ውሸት አልነበረም፤ በርግጥም ሌላው ይገድለው ነበር። እርሳቸውም ቢሆኑ አደን የተዉት ተጸጽተው አይደለም፤ ጥይት ተወደደ፣ ጉልበትም አነሰ። ተርበው እንዳላደኑም በግልጽ ነግረውኛል፤ ቤታቸው እህልም ወተትም ነበረ፤ የድኩላ ሥጋ ይጣፍጣቸው ነበር፣ በቃ።

የተራበ ሰው ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው፤ በእርሱ ላይ ለመፍረድ አቅሙም መብቱም የለኝም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን፣ በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ አብዛኛውን የአገሪቱን የቀንድ ከብት ሲፈጅ፣ ሰው የበላውና ያልበላው አልተለየም። ያው በሽታ ጎሹንና ቆርኬ የሚባለውን ሣር በል የዱር እንስሳም ጭምር እንደፈጀ ብዙ ጊዜ አይነገርም። የቤት እንስሳችን መቅሠፍት ሲያገኘው የዱሩም አብሮ አለቀ።

ቆርኬን ካነሣሁ ዘንድ፣ ከሐዋሳ ብዙም ሳይርቅ፣ ከሻሸመኔ ወደ ሃላባ በሚወስደው መንገድ አጄ አካባቢ የሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ ይገኛል። በ1960ዎቹ የተቋቋመው የስዌይን ቆርኬ የሚባለውን ዝርያ ለመጠበቅ ነው፤ ይህ ዝርያ ቀድሞ በሰሜን ሶማሊያ ሜዳዎችም ይኖር ነበር፤ እዚያ ጠፍቶ ዛሬ የቀረው በኢትዮጵያ ብቻ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ፣ ጠባቂው ሲበተንና መሣሪያው በየቤቱ ሲገባ ሰንቀሌም የባሌ ተራሮችም ተዘረፉ፤ ቆርኬውና የደጋ አጋዘኑ በጥይት አለቁ፣ የተረፉት ጥቂቶች ነበሩ። ሲገደሉ ሥጋቸው ተበልቷል፤ ዋናው ምክንያት ግን ሥጋ አልነበረም ብዬ አስባለሁ። ለጥበቃ ሲባል ከግጦሽ የተከለከለ ሰው እንስሳውን የሚያየው ከመሬቱ እንዳፈናቀለው የመንግሥት ወኪል አድርጎ ነው፤ ወኪል አድራጊው ሲወድቅ ወኪሉም አብሮ ወደቀ።

ዛሬ ቆርኬውን የሚያስጨንቀው ከጥይቱ ይልቅ ማረሻውና ከብቱ ነው። መጠለያው በእርሻ ተከብቧል፤ በጎችና ላሞች ገብተው ይግጣሉ፤ ለቆርኬ የሚተርፈው ሣር በየዓመቱ ያንሳል። በሥጋ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ክርክር እዚህ ላይ መልኩን ይለውጣል። ጥሬ ሥጋ እየቆረጥን አዳኙን ስንወቅስ፣ በሬያችን የሰባበት ሣር የማን እንደነበር አልጠየቅንም። ድኩላን በጥይት ያልነካ ሰው በከብቱ መንጋ ሜዳውን ነጥቆት ሊሆን ይችላል፤ ይህ አገዳደል ድምፅ ስለሌለው ዘብ አይጠራበትም።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ እኛ ሐዋሳዎች ከማንም በላይ ልንጠየቅበት የሚገባውን ነገር ማለፍ አልችልም። በአገሪቱ ውስጥ የዱር እንስሳ ሥጋ በየቀኑ፣ በግልጽ፣ በገበያ ከሚሸጥባቸው ከተሞች አንዷ ሐዋሳ ናት። ዓሣ ማለቴ ነው። አሞራ ገደል ማለዳ የሄደ ሰው ጀልባዎቹ ሌሊቱን ያጠመዱትን ሲያራግፉ፣ ልጆች በምላጭ ፈጥነው ሲበልቱ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንጀት ሲሻሙ፣ ከተሜውም ጥሬውን በአዋዜ ሲያጣጥምና ሾርባውን ሲጠጣ ያያል። ቆሮሶ የሚባለውን የሐይቁን ዓሣ ማንም አላረባውም፤ መኖ የሰጠው፣ በረት የሠራለት የለም። በየትኛውም መመዘኛ ዱር አደግ ነው፤ የምንበላውም አድነን ነው። ደም ስለማይታየን፣ ስለማይጮኽ፣ ዓይኑም እንደ ሚዳቋ ዓይን ስለማያሳዝን ከአደን አልቆጠርነውም።

ሐይቁ ደግሞ መውጫ የለውም። ዓመቱን ሙሉ የሚገባበት ወንዝ ጥቁር ውኃ ብቻ ነው፤ ዓሣ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሚተካበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል። እንደታጠረ ጫካ ነው። በአጥማጁ መረብ ከሚወጣው አብዛኛው ቆሮሶ ነው፤ የቆሮሶ እናት ደግሞ ዕንቁላሎቿን የምትፈለፍለው በአፏ ውስጥ ይዛ ነው፤ ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉም በኋላ አደጋ ሲመጣ ወደ አፏ ይመለሳሉ። በእነዚያ ቀናት ምግብ አትቀምስም ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሳዳሪዋ እናት በመረብ ስትያዝ አብሯት የሚጠፋው አፏ ውስጥ ያለው ሁሉ ነው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ፣ እናቲቱን እንዲለቅ ያዛል። ስለ ቆሮሶ የተጻፈ አይደለም፤ ለዚህ ሐይቅ ግን ከዚያ የተሻለ መመሪያ አላውቅም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ዓይነ ጠባብ መረብ ግን አሁንም ሐይቁ ውስጥ ይጣላል፤ መዳፍ የማይሞላ ዓሣም በየጠዋቱ ገበያ ላይ ይታያል።

ከማውቃቸው አጥማጆች አንዱን ስለዚህ ጠይቄው ነበር። ወጣት ነው፣ ሁለት ልጆች አሉት፣ መረቡን የገዛው በብድር ነው። አልተቆጣም። «ወንድሜ፣ እኔ ትንሹን ብመልሰው ከኋላዬ ያለው ጀልባ ያወጣዋል» አለኝ። አጎቴን እዚያ ጀልባ ላይ የተቀመጡ ያህል ሰማኋቸው። ልዩነቱ ይህኛው ልጅ ከአጎቴ ይልቅ ተገዶ መሆኑ ነው፤ እርሱን ብቻ መውቀስም ድኩላ የገደሉትን ወጣቶች አረመኔ ብሎ ሻኛ እንደመቁረጥ ነው። ለብቻው ቢታቀብ ይከስራል፤ አጥማጆቹ ሁሉ በማኅበራቸው ተስማምተው ዓሣው በሚራባበት ወቅት የባሕሩን ዳር ቢተዉና ዓይነ ጠባብ መረብ የያዘውን ራሳቸው ቢያግዱ ግን ማንም ብቻውን አይከስርም። መንጋ የጋራ ከሆነ እረኝነቱም የጋራ መሆን አለበት፤ ከባሕሩ ዳር ርቆ የሚኖር ዘብ ይህንን ሊሠራላቸው አይችልም።

ገዢው ግን ከዚህ ስምምነት ውጭ የሚሆንበት ምክንያት የለም፤ ትንሹን ዓሣ አትራፊ ያደረገው ትንሹን የሚገዛ ሰው ስላለ ነው። እኔ አሁን ከመዳፌ የሚያንስ ቆሮሶ አልገዛም፤ ሲጠበስ የሚጣፍጠው ትንሹ እንደሆነ ባውቅም። ሻጮቹ በመጀመሪያ ዋጋ ለማስቀነስ የምጠቀምበት ዘዴ መስሏቸው ነበር። አሁን ለምደውኛል፤ ትልቁን ለእኔ ያስቀምጡና ትንሹን ከእኔ ቀጥሎ ለሚመጣው ሰው ይሸጡለታል።